«አለ» ያልኩት ውል

ለውድ እኅቴ ለአምለሰት፣

እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ወገብሽን እንዴት አደረገሽ? ባለፈው በስልክ ስናወራ ድምፅሽ ሰለል ብሎብኝ ነበር፤ እሱስ ተሻለሽ? የምትሠሪበት ቤት ሰዎች ፊታቸው እንዴት ነው? ለበዓል ያሳርፉሽ ይሆን? እምዬ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ስምሽን ታነሣለች፤ «ልጄ በዚያ እሳት በሚነድበት አገር ሰኔን እንዴት ትወጣው ይሆን» እያለች ደጁን ታያለች። እኛ እዚህ፣ ፍኖተ ሰላም ያለነውም ገጠር ያሉትም፣ ሁላችንም በሕይወት አለን። «ደኅና ነን» ብዬ ብዘጋው ደስ ባለኝ ነበር፤ ግን ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ለእሱ ብቻ አይደለም።

ደብዳቤውን የምታደርስልሽ ሰብሊ የቡሬ ልጅ ናት። ባለቤቴ ካሰች ቤተሰቦቿን ታውቃቸዋለች፤ እሷም እንዳንቺ ዱባይ ልትሠራ ነው የምትመጣው። ነገሩን በስልክ ልነግርሽ ብዙ ጊዜ ሞክሬአለሁ። አንቺ ግን ገና ድምፄን ስትሰሚ የባለቤትሽን እጅ ትጠይቂኛለሽ፤ ያን ጊዜ ምላሴ ይታሰርና «እየዳነ ነው» ብዬሽ ስልኩን ለሰርካለም አቀብላታለሁ። ወረቀት ላይ ግን የምሸሽበት የለኝም።

አስቀድሜ የልጅሽን ልንገርሽ። ሰርካለም የስምንተኛ ክፍል ፈተናዋን ለመውሰድ እየተዘጋጀች ነው። ቁመቷ ካሰችን አልፏል። እናቴ ስትመጣ ታውቀኝ ይሆን እያለች ትቀልዳለች። እምዬም ጉልበቷን ከማመሙ በቀር ደኅና ናት፤ ቅዳሴ አታስታጉልም። ማዳበሪያ ዘንድሮ ዘግይቶ ነው የመጣው፣ ዋጋውም የማይቀመስ ሆኗል፤ ዝናቡ ግን በጊዜው ጥሏል።

እታለም፣ አሁን የማነበው ምንድን ነው ብለሽ እንዳትደነግጪ፤ ባልሽ ክንዱ በሕይወት አለ፣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይስቃልም። ነገር ግን ክንዱ እንደነገርንሽ ከበቅሎ አልወደቀም። መጋቢት ላይ ቀኝ እጁን በጥይት ተመትቶ ነው። ጥይቱን የተኮስኩት እኔ አይደለሁም፤ ግን እዚያ ያደረሰው የእኔ ቃል ነው። እንዴት እንደሆነ ልጻፍልሽና አንቺው ፍረጂኝ።

የሁለቱን ቤት ነገር ገብተሽ የኖርሽበት አንቺ ነሽ። የክንዱ ታላቅ ወንድም በድንበር ጠብ የአያ ገነነን ወንድም ገደለ፤ ታሰረ፤ በዚያው በእስር ቤት ታሞ ዐረፈ። ደሙ ግን በሁለቱ ቤት መካከል እንደቆመ ቀረ። ክንዱ ጠመንጃውን ሳያነግት አርሶ አያውቅም። አያ ገነነም ቤተ ክርስቲያን እንኳ ሲሄዱ ያለ መሣሪያ ከደጃቸው አይወጡም ነበር። ወደ ማንኩሳ ገበያ የሚወስደው መንገድ በእነሱ ደጅ ስለሚያልፍ በርበሬሽን ተሸክመሽ በወንዙ በኩል ስንት ጊዜ እንደዞርሽ አልረሳውም። ሰርካለምን ወደ እኔ ያመጣሻት፣ አንቺም አገር ጥለሽ የሄድሽው በዚሁ ጦስ ነው።

በ2013 ዓ.ም. ከጥምቀት በኋላ የደብሩ የቅኔ መምህር መሪጌታ ዓለምብርሃን ሁለቱን ቤት እንዳስታረቁ በስልክ ነግረንሽ እልል ብለሽ ነበር። እንዴት እንዳስታረቁ ግን አልነገርንሽም። እርቁ መጀመሪያ አልሆን ብሎ ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውጭ ካለው ሾላ ሥር እሑድ በመጣ ቁጥር ከሽማግሌዎች ጋር ተቀመጥን። እኔም በክንዱ ወገን ሆኜ ከፍኖተ ሰላም እየወጣሁ እቀመጥ ነበር። ይቅርታው ተገኘ፤ ካሳውም ተስማማ፤ መሣሪያው ላይ ሲደርስ ግን ነገሩ ቆመ። ክንዱ፣ እኔ አስቀምጬ እሳቸው ባያስቀምጡ ልጄ ያለ አባት ትቀራለች አለ። አያ ገነነም በበኩላቸው ይህንኑ ነገር ስለ ልጆቻቸው ተናገሩ። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር፣ ስለዚህ ማንንም መገሠጽ አልተቻለም።

ይሄኔ መሪጌታ ወደ እኔ ዞረው፣ አንተ የታላላቆቹን መንግሥታት ታሪክ የምታስተምር፣ እነዚያ ዓለምን የሚያጠፋ መሣሪያ ይዘው የተፋጠጡት እንዴት አድርገው ተስማሙ ሲሉ ጠየቁኝ። እኔም ደስ አለኝ፤ እውነቱን ልንገርሽ፣ ክፍል ውስጥ ከማስተምረው ሁሉ ይህን ርዕስ እወደዋለሁ።

ተነሥቼ ነገርኳቸው። አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት አንዱ የሌላውን ከተማ በደቂቃ ውስጥ አመድ የሚያደርግ የኑክሌር መሣሪያ ደግነው እንደኖሩ፤ በ1979 ዓ.ም. ጥቅምት ሲጠባ ሁለቱ መሪዎች በአንዲት ቀዝቃዛ የደሴት ከተማ ተገናኝተው መሣሪያውን ከነጭራሹ ከምድር እናጥፋው እስከማለት ደርሰው እንደነበር፤ ግን አሜሪካው በሰማይ ላይ ሊዘረጋው ባሰበው መከላከያ ምክንያት ሳይስማሙ ፊታቸው ጠቁሮ እንደተለያዩ። ሁሉም ሰው አበቃ ባለበት ጊዜ ግን በዓመቱ ተመልሰው ተቀመጡ። ሁሉንም ማጥፋት ቢያቅታቸው አንዱን ዓይነት፣ ከምድር የሚተኮሰውን መካከለኛ ሚሳኤል፣ ከሥሩ ለመንቀል ፈረሙ። ከሁለት ሺህ በላይ ሚሳኤል ተቆረጠ፣ ተቃጠለ፣ ተቀጠቀጠ።

ሽማግሌዎቹ ሚሳኤሉ ብዙም አልደነቃቸውም። የደነቃቸው የቁጥጥሩ ነገር ነው። የአሜሪካ ሰዎች በሶቪየት ፋብሪካ በር፣ የሶቪየት ሰዎችም በአሜሪካ ፋብሪካ በር ማደሪያ ተሰጥቷቸው፣ የሚወጣውን የሚገባውን እያዩ ለዓመታት እንደኖሩ ስነግራቸው ሁሉም ቀና አሉ። መሪጌታ «ባላንጣውን ደጁ ላይ አሳድሮ!» ብለው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። አያ ገነነ ደግሞ ምን ይበሉ እንደነበር፣ ባለቤቶቹ ያበሏቸው እንደሆነ ጠየቁኝና ሰው ሁሉ ሳቀ። በዚያ ሾላ ሥር ሰው ሲስቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ከዚያ ወሬ ነው መላው የተገኘው። በመሪጌታ ቤት ሁለት ቁልፍ ያለው ሣጥን እንዲቀመጥ፣ ክንዱና አያ ገነነ ጠመንጃቸውን እኩል እንዲያስገቡ፣ አንዱን ቁልፍ አንዱ ሌላውን ሌላው እንዲይዝ፣ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላም ከየቤቱ አንድ ሰው መጥቶ ሣጥኑን እንዲያይ ተባለ። ሌላ መሣሪያ ተገዝቶ እንዳይገባም አንዱ ቤት ለሌላው ደጁን ክፍት እንዲያደርግ ተወሰነ።

ሊያስቀምጡ ሲሉ አያ ገነነ ቆም አሉ። ጠመንጃቸውን ከትከሻቸው አውርደው ማንገቻውን እንደያዙ ነበር። ወደ እኔ ዞረው እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ፤ «መምህር፣ ያ ውል ዛሬም አለ?»

እታለም፣ ያ ውል የለም። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ፈርሷል። አንተ ነህ ያጭበረበርከው፣ አይ አንተ ነህ እየተባባሉ ሁለቱም ወጥተውበታል። ይህን አሳምሬ አውቅ ነበር፤ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎቼም ነግሬአቸዋለሁ። የአያ ገነነን እጅ አየሁ፤ ማንገቻው ላይ ጣቶቻቸው ላላ ማለት ጀምረዋል። ፈርሷል ብል እንደገና ይጨብጡታል ብዬ ፈራሁ። «አለ» አልኳቸው። አንዲት ቃል ናት። እሳቸውም ራሳቸውን ነቅንቀው ጠመንጃቸውን ሣጥኑ ውስጥ አጋደሙት፤ ክንዱም አጠገቡ አጋደመ።

ያን ለት ወደ ፍኖተ ሰላም ስመለስ መልካም ነገር የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ለሰላም ብዬ የተናገርኩት ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩት። ሥሩን ስመረምረው ግን ሌላም ነገር አለበት። እነዚህ ገበሬዎች ግማሹን ቢሰሙ ይበቃቸዋል፣ ሙሉውን አይችሉትም ብያለሁ በልቤ። አባታችንን ከቀበሩ፣ እኔን ከላመ እህላቸው አጉርሰው ካስተማሩ ሰዎች ጋር ተቀምጬ ንቄአቸዋለሁ። የሚያሳፍረኝ ከውሸቱ ይልቅ ይሄ ነው።

ሰላሙ ግን እውነተኛ ሰላም ነበር፤ ይህን ልደብቅሽ አልችልም። ክንዱ ባዶ ትከሻውን አረሰ። መጀመሪያ ሰሞን ጠመንጃው የሌለበት ትከሻው እንደቀለለውና ሚዛኑን እንዳጣ እየነገረ ያስቀን ነበር። ያን ዓመት በርበሬው ያማረ ነበር፤ በወንዙ በኩል ሳይዞር በቀጥታው መንገድ ማንኩሳ አውርዶ ሸጠው። ሰርካለም ክረምት ላይ አባቷ ዘንድ ስትሄድ የአያ ገነነ ባለቤት እትዬ እማዋይሽ እጇን ይዘው ገበያ ወስደዋታል። አንቺም በስልክ ይህን ስትሰሚ «ባምላኩ፣ አንተ ባትኖር» አልሽኝ። ያን ማታ ራት አልበላሁም።

የካቲት 2014 ላይ በዩክሬን ጦርነት ተነሣ። ሬድዮው ሁሉ እንደገና ስለ ኑክሌር ማውራት ጀመረ። የአያ ገነነ ልጅ ገብረሰንበት ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሥራ ሲፈልግ ቆይቶ ቤቱ ተመልሶ ነበር። ማንኩሳ ሻይ ቤት ተቀምጦ ዜና ሲሰማ፣ በታላላቆቹ መካከል የነበረው ውል ከፈረሰ ዓመታት እንዳለፉት ተነገረ። ልጁ የእኛን እርቅ ታሪክ ከአባቱ በደንብ ሰምቶታል። ቤቱ ገብቶ፣ መምህሩ አታሎሃል፣ ያ «አለ» ያለህ ውል የለም፤ የክንዱ ዘመድ ስለሆነ ነው ትጥቅህን ያስፈታህ አላቸው።

አያ ገነነ አላመኑትም። እንዲያውም ተቆጥተውታል ይባላል። እውነቱን ከእኔ ለመስማት ወደ ትምህርት ቤት ሰው ላኩብኝ፤ ልጁ የሚለው እውነት ነው ወይ ብቻ ነበር ጥያቄያቸው። መልእክተኛው ደጅ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። እሑድ መጥቼ ራሴ እነግራቸዋለሁ ብዬ መለስኩት። እሑዱ ደረሰ፤ የተማሪዎች ፈተና አርማለሁ ብዬ ቀረሁ። ለካሰችም ያልኳት ይህንኑ ነው። ወረቀቶቹ ግን ቀድመው ታርመው አልቀው ነበር። እዚያ ሾላ ሥር የሚጠብቁኝ ሽማግሌ ፊት መቆም አቃተኝ እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

አለመምጣቴ መልስ ሆነ። ሰኞ ጠዋት መሪጌታ ተማሪዎቻቸውን ቅኔ ሲዘርፉ እያረሙ ሳሉ ገብረሰንበት የአባቱን ቁልፍ ይዞ ሣጥኑ ጋ ገባ። አባቱ አልላኩትም፤ ቁልፉን ከተሰቀለበት አንሥቶ ነው። አንዱን ቁልፍ ከፈተ፤ የክንዱን በድንጋይ ይሰብር ጀመር። ሣጥኑ ተሰበረ የሚል ወሬ ለክንዱ ደረሰውና እርሻውን ጥሎ እየሮጠ መጣ። ሲደርስ ልጁ ጠመንጃ ይዞ ቆሟል። ክንዱ ሊነጥቀው፣ ልጁም ላለመስጠት ሲታገሉ ባረቀ። ጥይቱ ከክንዱ ቀኝ እጅ ክርን በላይ ገብቶ አጥንቱን አድቅቆ ወጣ።

ገብረሰንበት አልሸሸም። ይህን ክንዱ ራሱ ሁልጊዜ ይመሰክርለታል። የለበሰውን ጋቢ ቀድዶ እጁን አሰረለት፤ እያለቀሰ ከሰዎች ጋር በቃሬዛ ተሸክሞ እስከ አስፋልቱ አወረደው። ለእኔ ሲደወልልኝ ሆስፒታል ደርሰው ነበር። ሮጬ ስደርስ የክንዱ ደም ልብሱ ላይ የደረቀበት ገብረሰንበት ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። አየኝ። እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ። የሁለታችን ጥፋት ቢመዘን የማናችን ሚዛን እንደሚደፋ እዚያው ሳስብ ነበር።

ሐኪሞቹ የክንዱን እጅ ከመቆረጥ አተረፉለት። ባሕር ዳርም ወስደነው ሌላ ቀዶ ጥገና ተደርጎለታል። ጣቶቹ ግን አጥብቀው አይጨብጡም። ማንኪያ ይይዛል፣ ያማትባል፤ የማረሻውን ዕርፍ ግን አይጨብጥም፣ እንደማይጨብጥም ነግረውናል። ፖሊስ ልጁን አስሮት ነበር፤ ክንዱ በትግል መካከል የባረቀ ነው እንጂ አስቦ አልተኮሰብኝም ብሎ ቃሉን ሰጠና ኋላ ተለቀቀ። ስላንቺ «ከበቅሎ ወደቀ እንበላት» ያለውም ክንዱ ነው። ሰው አገር ላይ ብቻዋን ሆና ይህን ብትሰማ ትታመማለች አለ። ሁላችንም ተስማማን፤ ከሁሉ ይልቅ የተመቸው ለእኔ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ፣ በዳግማይ ትንሣኤ ለት፣ መሪጌታ ሁለቱንም ቤት እንደገና ሾላው ሥር ሰበሰቡ። ክንዱ እጁን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ መጣ። መሪጌታ ሲያዩት ዕንባቸው መጣና «ስምህም ክንዱ፣ የተመታውም ክንዱ» ብለው ቃሉን እንደልማዳቸው ወዲያና ወዲህ አገላበጡት። እኔ ሳልጠራ ተነሣሁ። ያን ጊዜ ውሉ እንደፈረሰ እያወቅሁ አለ ማለቴን፣ መልእክት ሲላክብኝም ፈርቼ መቅረቴን ሳላስተርፍ ተናገርኩ። ስጨርስ ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅሁ።

አያ ገነነ ግን እንዲህ አሉኝ፤ «ፈርሷል ብትለኝ ለምን ፈረሰ ብዬ እጠይቅህ ነበር። የፈረሰበትን በኩል አይተን የእኛን በዚያ በኩል እናጠብቀው ነበር። አንተ ግን እንዳልጠይቅ አደረግኸኝ።»

እታለም፣ ይህ ቃል ገና ከጆሮዬ አልወጣም። ቢመቱኝ ይቀለኝ ነበር።

መሪጌታም እንግዲያው አሁን ሙሉውን ንገረን አሉ። ነገርኳቸው። ተቆጣጣሪዎቹ ጊዜያቸው አብቅቶ ወደየአገራቸው ከገቡ በኋላ አንዱ የሌላውን ደጅ የሚያየው ከሩቅ ብቻ እንደሆነ፤ አንዱ አዲስ መሣሪያ ሠራህ ብሎ ሲከስ ሌላው አንተም ሠርተሃል እያለ ክሱ በጋዜጣና በሬድዮ እንደተመላለሰ፤ ዓይን ለዓይን ተያይተው የፈረሙት መሪዎች ከሥልጣን ወርደው በቦታቸው የውሉን መከራ የማያውቁ ሌሎች እንደተተኩ፤ በዚያ ላይ ውሉ ውስጥ ያልገባ ሦስተኛ ኃይል በጎን እየበረታ ሲመጣ የታሰሩት ሁለቱ እኛ ብቻ ለምን ማለታቸውን። ይህን ስናገር ሰዎቹ የሩቅ አገር ወሬ የሚሰሙ አይመስሉም ነበር። አንዱ ሽማግሌ፣ የእኛም እሑድ እሑድ ሣጥን ማየት ከመኸር ወዲህ ቀርቶ ነበር እኮ አለ። እውነት ነበር፤ ሰላም ነው ብለን ችላ ብለነው ነበር። ሌላው ደግሞ የማሉት ሁለቱ አባወራዎች ብቻ ናቸው፣ ልጆቹን ማን ጠየቃቸው አለ።

ገብረሰንበት ከወጣቶቹ መካከል ተነሥቶ፣ ታዲያ ያ ሁሉ የታላላቆቹ ድርድር ከንቱ ነበር ማለት ነው ወይ ሲል ጠየቀኝ። የምታውቅ አስመስለህ መልስ የሚል ነገር ውስጤ ተነሣ፤ ልማድ ነው። ያዝኩት። አላውቅም አልኩት። የተቆረጡት ተቆርጠዋል፤ ሠላሳ ዓመት ያህል እነዚያ ሚሳኤሎች በማንም ላይ አልተደገኑም፤ ዛሬ ግን ሁለቱም ሌላ እየሠሩ ነው፤ ከዚህ በላይ የማውቀው የለኝም አልኩ። መሪጌታ ተቀብለውኝ፣ በዚያ ሠላሳ ዓመት የተወለዱት ይህን ጥያቄ ሊጠይቁ በቅተዋል፣ አንተም አንዱ ነህ አሉት። ልጁ ተቀመጠ።

በዚያ ለት እንደገና ተማማሉ፤ በዚህኛው ግን ከሁለቱም ቤት ወጣቶቹ ጭምር ማሉ። ማንም በሌላው ላይ ቅሬታ ቢኖረው ወሬውን ገበያ ይዞ ከመውጣቱ በፊት እሑድ ሾላው ሥር እንዲያወጣው፣ ቅሬታ የሌለ ለትም ቢሆን መቀመጡ እንዳይቀር ተባለ። ቁልፉ ላይ ሲደርሱ እትዬ እማዋይሽ ከሴቶቹ ወገን ሆነው፣ እስከዛሬ የጠየቀን የለም እንጂ ቁልፉ ከእኛ ዘንድ ቢሆን ወንዶቹ እስኪለምኑን ድረስ ንዴታቸው ይበርድ ነበር አሉ። ሰው ሳቀ፤ ግን ነገሩ ጸደቀ። የእነሱን ቁልፍ እሳቸው ያዙ። የእናንተ ቤት ቁልፍ ያንቺ ነው፤ እስክትመጪ እምዬ ይዛልሻለች።

ሽማግሌዎቹ በገብረሰንበት ላይ የቆረጡት ቅጣት ደግሞ ይህ ነው፤ ክንዱ የማይጨብጠውን ዕርፍ እሱ እንዲጨብጥለት። ከግንቦት ጀምሮ በአባቱ በሬዎች የእናንተን መሬት እያረሰ ነው። ባለፈው ሳምንት ሄጄ አይቻቸዋለሁ። ልጁ ያርሳል፤ ክንዱ ዳር ቁጭ ብሎ ትልሙ ጠመመ፣ በሬው ደከመ እያለ ያርመዋል። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ልጅ ነውና መጀመሪያ ትልሙ እባብ የሄደበት ይመስል ነበር፤ አሁን ቀንቶለታል። ሥራ ቢያገኝም ክረምቱን ሳልጨርስ አልሄድም ብሏል።

ያን ቀን ክንዱ አጠገብ ተቀምጬ ይቅርታ ልለው ጀመርኩ። ከዚያ በፊትም ሆስፒታል ሞክሬአለሁ፤ ሁልጊዜ ወሬውን ወደ ሌላ ይመልሰዋል። አሁን ግን በግራ እጁ ጉልበቴን ያዝ አደረገና «ለእኔ ተወው፤ ለእሷ ንገራት። እኔም ዋሽቻታለሁ፣ አንተም ዋሽተሃታል። አንዳችን እንጀምር» አለኝ። ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት ከዚያ ስመለስ ነው። ሦስት ጊዜ ጽፌ ቀድጃለሁ፤ እያንዳንዱ ላይ ራሴን የሚያድን ቃል እያገኘሁበት።

ትምህርት ቤት አሁንም ያን ርዕስ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ፊት ስቆም፣ የተፈረመበትን ቀን ስነግራቸው የፈረሰበትንም አብሬ እነግራቸዋለሁ። ድሮም እነግራቸው ነበር። ለእነሱ ያልከለከልኩትን ለአያ ገነነ መከልከሌ ነው ነገሩን የከፋ የሚያደርገው።

እንግዲህ እታለም፣ የሌላው ሁሉ ቅጣት ተቆርጧል። አያ ገነነ በልጃቸው ፈንታ ይቅርታ ጠይቀዋል፣ ልጁ እያረሰ ነው። የእኔን ግን ማንም አልቆረጠም። ሽማግሌዎቹን ጠይቄአቸው፣ መሪጌታ የአንተ ዳኛ እዚህ የለችም አሉኝ። አንቺን ማለታቸው ነው። ባልሽ በእጁ የሚያርስ ሰው ነበር፤ አንቺም ልጅሽን ለእኔ አምነሽ የሄድሽው እውነት የማስተምር ሰው ነው ብለሽ ነው። ሰርካለምን ከእኔ ቤት እወስዳለሁ ብትዪ መብትሽ ነው፤ እምዬ ዘንድ ትገባለች፣ ትምህርቷንም አታቋርጥም። ለልጅቱ ይህን ሁሉ አንቺ እስክትሰሚ ድረስ አልነገርኳትም፤ ከአንቺ ቀድማ ማወቅ ያለባት አልመሰለኝም። ብትቆጪኝም፣ ብትረግሚኝም፣ ከእንግዲህ አላናግርህም ብትዪኝም እቀበላለሁ። ዝም ብለሽ ብቻ «ምንም አይደል» አትበዪኝ። የምትዪውን እስክሰማ ስልክ ላይ እንደድሮው አልሸሽም፤ በደወልሽ ጊዜ ራሴ አነሣዋለሁ።

እምዬ ጉንጭሽን ትስማለች፤ በጸሎቷ ስምሽን ሳትጠራ እንደማታድር ንገራት ብላኛለች። ካሰች በጣም ትናፍቅሻለች፤ ሰብሊን በዓይንሽ ጠብቂያት፣ አገሩን አሳዪያት ትልሻለች። ሰርካለም ደግሞ የራሷን ሰላምታ በስልክ ካልሆነ አልልክም ብላለች፤ የምታሳይሽ የሥዕል ሥራ አላት። መሪጌታ ዓለምብርሃን እግዚአብሔር በሰላም ያግባሽ ብለዋል። እትዬ እማዋይሽም ሰላም በላት ሲሉ ዕንባ ቀደማቸው፤ ሌላ የሚሉት ነበራቸው፣ አልጨረሱትም። አያ ገነነ ስትመጪ በደጃቸው እንድታልፊ፣ አልፈሽም እንዳትሄጂ፣ ገብተሽ እንድታርፊ ለምነዋል።

ክንዱን ምን ልበልልህ ብዬ ጠይቄው ነበር። ብዙ አሰበና «መሬቷ ዘንድሮ ጦም አላደረችም በላት» አለኝ።

አክባሪ ወንድምሽ
ባምላኩ

ፍኖተ ሰላም
ሰኔ 19 ቀን 2014 ዓ.ም.